ደብዳቤዬን በጆሮዬ፦ ዓይነ ስውራን አይፈለጌ ኢሜይልን የምንከላከልበት መንገድ

ከዓመታት በፊት፣ እሠራበት በነበረ አንድ መሥሪያ ቤት፣ በስሜ የመጣን ደብዳቤ ባልደረባዬ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። ለተወዳደርኩበት የሥራ መደብ አለመመረጤን የሚገልጽ ነበር። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ስድስት ሰዎች ከእኔ እኩል ሰሙት። ባልደረባዬ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንዲያነብልኝ የጠየቅሁትም እኔው ነኝ። ሰበታ መርሐ ዕውራን ገብቼ ብሬል ተምሬያለሁ፤ መሥሪያ ቤቶች ግን በብሬል አይጽፉም። የእኔ ደብዳቤ ወደ እኔ የሚደርሰው ሁልጊዜ በሌላ ሰው አንደበት በኩል ነበር።

ኤንቪዲኤ የተባለውን ስክሪን ሪደር፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም፣ ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ነው። ማይክል ከረን የተባለ ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው፣ እንደ እርሱ ዓይነ ስውር የሆነው ጄምስ ቴ የተቀላቀለው፣ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ነው። የመጀመሪያውን ኢሜይል በጆሮ ማዳመጫ፣ በሬን ዘግቼ፣ ብቻዬን የሰማሁበትን ምሽት አልረሳውም። ከአንዲት የቀድሞ የክፍል ጓደኛዬ የመጣ አጭር ሰላምታ ነበር። ማንም ሳይሰማው የሰማሁት የመጀመሪያ ደብዳቤዬ እርሱ ነው።

ስለ አይፈለጌ መልእክት፣ ሳንጠይቀው ስለሚመጣው ማስታወቂያና ማጭበርበሪያ፣ ስጽፍ መነሻዬ ይህ ነው። ዛሬ በተርጓሚነት እተዳደራለሁ፤ ሥራ የሚመጣልኝም የማስረክበውም በኢሜይል ነው። በትርፍ ጊዜዬ ኮምፒውተር ለሚጀምሩ ዓይነ ስውራን ወጣቶች አስተምራለሁ። ከእነርሱ በተደጋጋሚ የምሰማው አንድ መፍትሔ አለ፤ ሳጥኑ በማይረባ ነገር ሲሞላ ዓይናማ እህት ወይም ወንድም ይጠራና «እስቲ ቆሻሻውን አጥፊልኝ» ይባላል። እኔም አድርጌዋለሁ። እህቴ በቅንነት ስታጸዳ ከአንድ ደንበኛ የመጣ ውል አብሮ ጠፋ፤ ለሐኪሜ የጻፍኩትንም አነበበች። ደብዳቤዬን ከሰው አንደበት አውጥቼ በገዛ እጄ መልሼ እዚያው አገባሁት። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ሳጥናችንን ራሳችን እንድናጸዳ ነው።

ጉዳዩ ለእኛ ከዓይናሞች ይልቅ የሚከብድበት ግልጽ ምክንያት አለ። ዓይናማ ሰው አርባ ርእሶችን በዓይኑ ገረፍ አድርጎ ሠላሳ አምስቱን ይጥላል። እኛ አንድ በአንድ እንሰማለን። እያንዳንዱ አምስት ሰከንድ ቢወስድ አርባው ከሦስት ደቂቃ በላይ ነው፤ በየቀኑ ከሆነ በዓመት ሃያ ሰዓት ገደማ ይሆናል። በገጽ ለሚከፈለው ሰው ሃያ ሰዓት ቀላል አይደለም። ላኪው በበኩሉ ለአንድም ሰው ላከ ለሚሊዮን፣ የሚያወጣው ገንዘብ ከምንም አይቆጠርም። እ.ኤ.አ. በ1978 ጋሪ ተርክ የተባለ የኮምፒውተር ሽያጭ ሠራተኛ የኢንተርኔት ቀዳሚ በሆነው በአርፓኔት ላይ ለነበሩ አራት መቶ ለሚሆኑ ሰዎች ያልጠየቁትን ማስታወቂያ በአንድ ጊዜ ላከ፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ስሌቱ አልተለወጠም። ድካሙ ሁሉ በተቀባዩ ላይ ነው።

አስቀድሞ ማን እንደሆነ

የመጀመሪያው ሥራ ኮምፒውተሩ ስለ እያንዳንዱ መልእክት ሲነግራችሁ የላኪውን ስም ከሁሉ በፊት እንዲናገር ማድረግ ነው። እኔ የምጠቀመው ተንደርበርድ የተባለውን የኢሜይል ፕሮግራም ነው። የመልእክቶቹን ዝርዝር በካርድ ሳይሆን በሠንጠረዥ መልክ እንዲያሳይ አድርጌ፣ የማልፈልጋቸውን አምዶች ሁሉ አጥፍቼ፣ ላኪ፣ ርእስ፣ ቀን ብቻ አስቀርቻለሁ፤ ቅደም ተከተላቸውም እንደዚሁ ነው። ቀድሞ ኤንቪዲኤ «ያልተነበበ፣ ኮከብ የሌለው፣ አባሪ ያለው» ብሎ እስኪጨርስ እጠብቅ ነበር። አሁን የታች ቀስትን ስጫን የመጀመሪያው ቃል የሰው ስም ነው። የማውቀው ከሆነ አዳምጣለሁ፤ ካልሆነ የርእሱን ሁለት ቃል ሰምቼ እወስናለሁ። ድምፁን ለማቋረጥ የኮንትሮል ቁልፍ ይበቃል፤ ወደ ቀጣዩ የሚሄድ ሰው ግን እርሱም አያስፈልገው፤ ቀስቷን ደግሞ መጫን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ኤፍ 8ን ተጭኖ የመልእክት ማሳያውን ክፍል መዝጋት ነው። ክፍሉ ክፍት ከሆነ በዝርዝሩ ላይ በቀስት ስታልፉ እያንዳንዱ መልእክት ሳታውቁት ይከፈታል። ሲዘጋ ግን ኢንተር ካልተጫናችሁ በስተቀር ምንም አይከፈትም።

ሦስተኛው ማጣሪያውን ማስተማር ነው። በተንደርበርድ የአካውንት ቅንብር ውስጥ የአይፈለጌ መልእክት ገጽ አለ፤ ከእናንተ ምልክት የሚማረውን ማጣሪያ እዚያ ታበሩታላችሁ። በአድራሻ መዝገባችሁ ያለ ሰው የላከው መልእክት እንዳይነካ የሚያደርገውን ሳጥን አብራችሁ ምልክት አድርጉበት። ከዚያ በዝርዝሩ ላይ ሳላችሁ ጄን ብትጫኑ መልእክቱ አይፈለጌ ነው ማለታችሁ ነው፤ ሺፍትና ጄ ደግሞ ውሳኔውን ይሽረዋል። ማጥፋት ብቻውን ማጣሪያውን ምንም አያስተምረውም። ብዙ ተማሪዎቼ ለዓመታት ዲሊትን ሲጫኑ ኖረው «ለምን አይቀንስም?» ይሉኛል። መልሱ ጄ ናት። መልካሞቹን መልእክቶችም በሺፍትና ጄ አሳዩት፤ ክፉውን ብቻ የተማረ ማጣሪያ ሁሉንም ይጠረጥራል። ጂሜይልን በብራውዘር የምትጠቀሙ የኪቦርድ አቋራጮችን ከቅንብሩ አብሩና የቃለ አጋኖ ምልክቱን ተጠቀሙ፤ ሥራው ያው ነው። በስልክም፣ የስልክ ስክሪን ሪደሮች በሆኑት በቶክባክም ሆነ በቮይስኦቨር፣ ያንኑ ትእዛዝ በኢሜይሉ ፕሮግራም ምናሌ ውስጥ ፈልጉት።

ጆሮ የሚሰማውና የማይሰማው

እዚህ ላይ በጥሞና ተከተሉኝ፤ አብዛኛው አደጋ ያለው እዚህ ነው።

አጭበርባሪ የሚሠራው ለዓይን ነው። የባንኩን ዓርማ ይሰርቃል፣ ቀለሙን ያስመስላል። ይህ ሁሉ በእኛ ላይ አይሠራም። በአድራሻ ውስጥ የእንግሊዝኛዋን ኤል አውጥቶ የአንድ ቁጥርን ሲተካባት ዓይናማው ልዩነቱን አያይም፤ የእኛ ድምፅ ግን «አንድ» ብሎ በግልጽ ያጋልጠዋል። ነገሩ በሌላ በኩል ሲገለበጥ ደግሞ ተጋላጮቹ እኛ ነን። ኦፊስ የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ሁለት ኤፍ አለው፤ አንዱን ኤፍ አውጥታችሁ ከኤንቪዲኤ ጋር አብሮ በሚመጣው በኢስፒክ ድምፅ ብታስነብቡት ልዩነቱ ለጆሮ አይታወቅም። ይህን ከአማርኛችን እናውቀዋለን፤ ሀ፣ ሐ እና ኀ በጆሮ አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው ፊደሉን የቆጠረ ብቻ ነው። ስለዚህ አድራሻን በቃል መስማት አይበቃም። ፊደል በፊደል መስማት ያስፈልጋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የኤንቪዲኤ ቁልፍ የምለው ኢንሰርትን ወይም ካፕስ ሎክን ነው፤ እኔ በላፕቶፕ ስለምሠራ ካፕስ ሎክን መርጫለሁ። በመልእክቱ ውስጥ ሊንክ ላይ ስትደርሱ ኢንተርን አትጫኑ። የኤንቪዲኤን ቁልፍ ይዛችሁ ኬን ተጫኑ። ሊንኩ በእርግጥ ወዴት እንደሚወስድ ይነግራችኋል። ኬን ሁለት ጊዜ በፍጥነት ስትጫኑ አድራሻው በተለየ መስኮት ይከፈታል፤ በዚያ መስኮት በግራና በቀኝ ቀስት ፊደል በፊደል መሄድ ይቻላል። ይህ ትእዛዝ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2023 የመጀመሪያ እትም ነውና የቆየ ኤንቪዲኤ ያላችሁ አድሱ። አድራሻውን ከመስማታችሁ በፊት ግን የኤንቪዲኤን ቁልፍ ከፒ ጋር እየተጫናችሁ የምልክቶችን ንባብ «ሁሉም» እስከሚል አድርሱት። ይህ ካልተደረገ ሰረዝን የመሰለ ምልክት በዝምታ ሊታለፍ ይችላል፤ የባንክን ስም ከሐሰተኛው የሚለየው ደግሞ አንዳንድ ጊዜ አንዲት ሰረዝ ናት።

አድራሻውን ስትሰሙ ባለቤቱን የምታገኙት እንዲህ ነው። ከኤችቲቲፒኤስ በኋላ ያሉትን ሁለት ስላሾች እለፉ። እስከሚቀጥለው ስላሽ ሂዱ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ተመለሱ። የቤቱ ባለቤት ያለው ከዚያ ስላሽ ጎን ነው። «የባንኩ ስም ነጥብ ኮም ነጥብ ሽልማት ነጥብ ቶፕ ስላሽ» ካለ ቤቱ የ«ሽልማት ነጥብ ቶፕ» ነው፤ የባንኩ ስም ሌባው በራሱ ግቢ የተከለው ታፔላ ነው። በእኛ አገር አድራሻዎች፣ «ነጥብ ኮም ነጥብ ኢቲ» ወይም «ነጥብ ጎቭ ነጥብ ኢቲ» በሚሉት፣ ወደ ኋላ ሦስት ክፍል መቁጠር ያስፈልጋል። ዓይናሞች ከግራ ጀምረው ስለሚያነቡ በታፔላው ይታለላሉ። ከቀኝ መስማትን የለመደ ጆሮ አይታለልም።

አንድ ረቂቅ ማታለያ ልጨምር። ከሲሪሊክ፣ ማለትም ሩሲያኛ ከሚጻፍበት ፊደል፣ የተወሰደችው «አ» ከላቲኗ «ኤ» ጋር በመልክ አንድ ናት። ድምፁ እንደየቅንብሩ ወይ እንግዳ ነገር ይላል ወይ ይዘልላታል። አንድ ቃል መሀሉ ላይ ከተሰበረ ወይም አንድ ፊደል የጎደለው ከመሰለ እዚያ ፊደል ላይ ቁሙና የኤንቪዲኤን ቁልፍ ከነጥብ ጋር፣ ቁጥር ሰሌዳ ያለው ኪቦርድ ከሆነም በሰሌዳው ላይ ያለችውን 2፣ ሦስት ጊዜ በፍጥነት ተጫኑ። የፊደሉን ቁጥር ይነግራችኋል። የላቲኗ ትንሿ ኤ 97 ናት፤ የሲሪሊኳ 1072 ናት። ዓይናማ ባልደረቦቼን በዚህ ሁለት ጊዜ ከስሕተት አድኛቸዋለሁ።

የላኪውን አድራሻም እንዲሁ መርምሩ። ስም ማንም የሚጽፈው ነገር ነው። እኔ ቀላል መንገድ እጠቀማለሁ፤ ኮንትሮልና አርን ተጭኜ የመልስ መስኮቱን እከፍታለሁ፣ «ለ» ወደሚለው ቦታ በሺፍትና ታብ ተመልሼ መልሱ ወደ ማን እንደሚሄድ ፊደል በፊደል እሰማለሁ፣ ከዚያ ሳልልክ እዘጋዋለሁ። የድርጅት ስም ይዞ የመጣ መልእክት መልሱን ወደ አንድ ግለሰብ ነፃ አድራሻ ከወሰደ ሌላ ማስረጃ አልፈልግም።

ደግሞ ለእኛ ብቻ የሚሰማ ነገር አለ። አይፈለጌ ላኪዎች ማጣሪያን ለማታለል በነጭ ላይ ነጭ የሆነ ጽሑፍ ይደብቃሉ፤ ከልብ ወለድ የተቆረጠ አንቀጽ፣ የምግብ አሠራር፣ የአየር ጠባይ ወሬ። ዓይናማው ባዶ ቦታ ነው የሚያየው። ስክሪን ሪደር ግን ቀለም ስለማይገደው ሁሉንም ያነባል። ስለ ክፍያ የሚናገር ኢሜይል መጨረሻው ላይ ስለ ቲማቲም ማውራት ከጀመረ ጆሯችሁን እመኑ። ርእሳቸው በጌጠኛ ፊደል የተጻፈ፣ ድምፁ «ማቲማቲካል ቦልድ» እያለ የሚያነበው ወይም ጨርሶ የሚዘልለው መልእክትም ብዙ ጊዜ ከዚያው ሰፈር ነው።

አሁን አሁን በአማርኛም መምጣት ጀምሯል። በማሽን የተተረጎመ ስለሆነ ሥራዬ ያስለመደኝን ምልክት ላካፍላችሁ፤ አክብሮቱን ስሙ። «ውድ ደንበኛችን፣ እርስዎ አሸንፈዋል» ብሎ ይጀምርና በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር «መረጃህን ላክ» ይላል፤ በሦስተኛው «ትቀበያለሽ» ይላል። አማርኛ የሚናገር ሰው በተሳሳተ ሆሄ ይጽፍ ይሆናል፤ በአንድ ደብዳቤ አንድን ሰው እርስዎም አንተም አንቺም ብሎ ግን አይጠራም። ዘዴው ለዘለዓለም አያገለግልም፤ ማሽኖቹ እየተሻሻሉ ናቸው። ንጹሕ አማርኛ ስለሆነ ብቻ እንዳታምኑ።

ምስል ብቻ የሆነው ደብዳቤ

ከማስተምራቸው አንድ ወጣት የደረሰበት ነገር እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። አንድ ኢሜይል መጣለት፤ ስክሪን ሪደሩ «ግራፊክ» ከሚለው ቃል በቀር ምንም አላለም። ደብዳቤው በሙሉ ምስል ነበር። ልጁ ወደ ሠፈሩ ኢንተርኔት ቤት ሄዶ አስተናጋጁን «ምን ይላል?» አለው። አስተናጋጁ የዲቪ ዕጣ እንደደረሰው፣ ቅጹን ሞልቶ የአገልግሎት ክፍያ መላክ እንዳለበት አነበበለት። ቅጹንም አብረው ሞሉ፤ የኢሜይሉን የይለፍ ቃል ሳይቀር። የላከው ገንዘብ የሁለት ወር የቤት ኪራይ ነበር። አስተናጋጁ ሌባ አልነበረም፤ የተጻፈውን ነው ያነበበው። አንባቢ ያነባል እንጂ አይመረምርም፤ መመርመሩ የባለቤቱ ሥራ ነው።

የአሜሪካ መንግሥት የዲቪ ዕጣ መድረሱን በኢሜይል አያበስርም። ያመለከተ ሰው ውጤቱን የሚያውቀው ማረጋገጫ ቁጥሩን ይዞ፣ መጨረሻው «ነጥብ ጎቭ» በሆነው የመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ገብቶ ሲመለከት ነው። ይህን በየቤታችሁ ላለ ሰው ሁሉ ንገሩ። ለባሕር ማዶ የትምህርት ዕድልና ለዓረብ አገር ሥራም ያው ነው፤ ገንዘብ አስቀድሞ የሚጠይቅ ዕድል ሁሉ ያስጠረጥራል። ምስል ብቻ ለሆነ ደብዳቤ የእኔ ሕግ አንድ ነው፤ ላኪውን ካላወቅሁት ለማንም አላስነብበውም፣ ጄን እጫናለሁ። የማውቀው ሰው ከሆነ «በጽሑፍ ላክልኝ» ብዬ በስልክ እነግረዋለሁ። ቁም ነገር ያለው ሰው በጽሑፍ ይልካል።

«ከዝርዝሩ አስወጡኝ»

ራሳችሁ የተመዘገባችሁበት ጋዜጣ ወይም ሱቅ ከሆነ የስረዛውን ሊንክ ያለ ፍርሃት ተጠቀሙ። ጂሜይል በቀን 5,000ና ከዚያ በላይ መልእክት የሚልኩ ድርጅቶች ለማስታወቂያ መልእክቶቻቸው በአንድ ንክኪ መሰረዝን እንዲያስችሉ እ.ኤ.አ. በ2024 ግዴታ አድርጓል፤ ስለዚህ ቁልፉ ብዙ ጊዜ ከላኪው ስም አጠገብ ይገኛል፣ የመልእክቱን ጭራ ድረስ ማዳመጥ አያስፈልግም። ጨርሶ የማታውቁት ላኪ ከሆነ ግን ስረዛውን አትንኩ። መጫናችሁ ብቻ በዚህ አድራሻ ሰው እንዳለ ይነግረዋል። በአገራችንም ያለ ተቀባዩ ፈቃድ የንግድ ማስታወቂያ በኢሜይል ማሰራጨት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የተከለከለ ነው።

ጂሜይል ካላችሁ አድራሻ ስትሰጡ ከስማችሁ በኋላ የመደመር ምልክትና አንድ ቃል ጨምሩ፤ ለሱቅ «ፕላስ ሱቅ»፣ ለሥልጠና «ፕላስ ሥልጠና»። መልእክቱ ወደ እናንተው ይመጣል፤ አድራሻችሁን ለሌላ አሳልፎ የሰጠው ማን እንደሆነም በጆሯችሁ ትሰሙታላችሁ።

አርብ ከሰዓት

ማጣሪያ ይሳሳታል። አንድ ጊዜ ከውጭ አገር አንድ የትርጉም ድርጅት የአርባ ገጽ ሥራ ላከልኝ። የማያውቀኝ ላኪ፣ አባሪ ያለው፣ ገንዘብ የሚጠቅስ፤ ማጣሪያው የጣለበት ምክንያት ይገባኛል። በዘጠነኛው ቀን አገኘሁት፤ ሥራው ለሌላ ተሰጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዘወትር አርብ ከሰዓት በኋላ የአይፈለጌ መልእክት ሳጥኑን እከፍታለሁ። መልእክቶቹን አልከፍትም፤ የላኪዎቹን ስም ብቻ እየሰማሁ እወርዳለሁ። ጂሜይል እዚያ የገባውን ከ30 ቀን በኋላ ያጠፋዋልና በወር አንዴ ማለት አይበቃም። አዲስ ደንበኛ ሲደውልልኝም ገና ሳይጽፍልኝ በፊት አድራሻውን ጠይቄ በመዝገቤ አስገባዋለሁ።

በጋራ አድራሻ ለምንጻጻፍ

ብዙዎቻችን እርስ በርስ የምንረዳዳበት የቡድን ኢሜይል አለን። አንድ ቀን በእኛ ቡድን አንድ የቁማር ማስታወቂያ ገባ። ማስታወቂያው አንድ ነበር። እርሱን ተከትለው የመጡት «ይህ ምንድን ነው?»፣ «ማን ነው የላከው?»፣ «እባካችሁ አስወጡኝ» የሚሉ ከሠላሳ በላይ መልሶች ግን ለሁላችንም ደረሱ፤ ግማሾቹም ከግርጌያቸው ማስታወቂያውን ከነሊንኩ ደግመው ይዘውት ነበር። ያን ምሽት ያቆሰለን የቁማሩ ሰው አይደለም፤ እኛው ነን።

እባካችሁ በቡድን ለገባ ቆሻሻ በቡድን አትመልሱ። ለአስተባባሪው ብቻ ጻፉ፤ ሌሎቻችሁ ዝም ብላችሁ አጥፉት። ይህ ጄን የማይጫኑበት አንዱ ቦታ ነው፤ በቡድኑ በኩል የመጣን መልእክት አይፈለጌ ስትሉት ማጣሪያው ቡድኑን በሙሉ መጠርጠር ይጀምራል፣ ነገ የወዳጃችሁም ምክር አብሮ ይጣላል። አስተባባሪ የሆናችሁ የአዲስ አባልን የመጀመሪያ መልእክቶች ሳታዩ አታሳልፉ፤ ከቀማኞች አብዛኞቹ እዚያ ላይ ይቀራሉ። ቆሻሻው በነባር አባል ስም ከመጣ ሰውየውን አትዝለፉት፤ አድራሻው ተሰርቆ ሊሆን ይችላል። በስልክ ደውሉለት፤ በኢሜይል ከጻፋችሁለት የሚያነበው ሌባው ሊሆን ይችላል።

ከተጫናችሁ በኋላ

አንዳንድ ገጽ ሲከፈት በከፍተኛ ድምፅ ሳይረን ያሰማል፣ «ኮምፒውተርዎ ተበክሏል፣ ይደውሉ» ይላል። ስክሪን ሪደራችንን ስለሚያደነቁረው ከዓይናሞች ይልቅ እኛን ያስደነግጣል። ኤንቪዲኤን ለመስማት አትታገሉ፤ አልትና ኤፍ 4ን ተጫኑ፣ ብራውዘሩ ይዘጋል። «ኮምፒውተርህን ከሩቅ ልጠግንልህ» ለሚል ለማይታወቅ ሰውም በምንም መልኩ አትፍቀዱ። እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ ኤንቪዲኤ ራሱ ከሩቅ መገናኛ አለው፤ የመገናኛውን የይለፍ ቁልፍ ለምታውቁት ሰው ብቻ፣ ራሳችሁ ፈልጋችሁ ስትጠሩት ስጡ።

የይለፍ ቃል ሰጥታችሁ ከሆነ በኢሜይሉ በመጣው ሊንክ ሳይሆን አድራሻውን ራሳችሁ ጽፋችሁ ግቡና ወዲያው ቀይሩት። በሁሉም መሣሪያዎች ላይ ውጣ የሚለውን ተጫኑ፤ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫን አብሩ። የባንክ መረጃ ከሰጣችሁ በባንክ ደብተራችሁ ወይም በካርዳችሁ ላይ ባለው ቁጥር ደውሉ፤ ሌሊትም ቢሆን አትጠብቁ። ያልታወቀ አባሪ ከከፈታችሁ ኢንተርኔቱን ነቅላችሁ ዊንዶውስ ውስጥ ባለው የጸረ ቫይረስ ፕሮግራም አስፈትሹ፤ ኤንቪዲኤ በደንብ ያነበዋል።

ሰው ሁሉ የሚረሳው አንድ ቦታ አለ፤ በቅንብሩ ውስጥ የማጣሪያዎችና መልእክትን ወደ ሌላ የማስተላለፊያ ገጾች። ሌባ ሲገባ የይለፍ ቃሉን እንደምትቀይሩ ያውቃል፤ ስለዚህ ደብዳቤያችሁን ወደ ራሱ የሚልክ ወይም ከእናንተ የሚደብቅ መመሪያ ትቶ ይወጣል። የዚያን የዲቪ ወጣት ሳጥን አብረን ስንፈትሽ እርሱ ያልሠራው አንድ ማጣሪያ አገኘን፤ «ባንክ» የሚል ቃል ያለበትን ሁሉ በእንግሊዝኛም በአማርኛም ወደ መጣያው የሚወረውር። ሰረዝነው። መጣያው ውስጥ ስድስት ያልተነበቡ ደብዳቤዎች ነበሩ፤ ሁሉንም ወደ ቦታቸው መለሰ። የጆሮ ማዳመጫውን ሰጠሁትና እስኪጨርስ ድረስ ከክፍሉ ወጣሁ።